ሕመም የሌለው እብጠት



ከሲዝንስ እስከ ሙዊኪ፣ ከሰንቶን እስከ ክሌይ ሲቲ፣ በካሳራኒ ሰፈሮች የምትኖሩ እናቶችና እህቶች፤ ምጣድ ጥዳችሁ የምትሰሙን፣ ሱቅ እየጠበቃችሁ የምትሰሙን፣ በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙን፤ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጡት ነው። ወንዶችም አብራችሁን ቆዩ። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንድ ገደማ ወንድ ነው። ደግሞም በብዙ ቤት ለሕክምና የሚወጣውን ገንዘብ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በዝግጅቱ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጡትን በገዛ እጅ ስለ መመርመር ያልሰማች ሴት ዛሬ ብዙ የለችም። ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ሮዝ ሪባን ይታሰራል፣ በቴሌቪዥን ይነገራል፣ በስልካችን ቪዲዮ ይላካል። ሰምተሻል ወይ ስንባል አብዛኞቻችን አዎ እንላለን። እንዴት እንደሚደረግ አሳዪኝ ስንባል ቁጥራችን ይቀንሳል። ባለፈው ወር አድርገሻል ወይ ሲባል ደግሞ ጥቂቶች ብቻ እንቀራለን። በኢትዮጵያም በኬንያም በተማሪዎች፣ በገበያ በሚውሉ ሴቶች፣ በጤና ባለሙያዎች ላይ ሳይቀር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው። ለምን አላደረግሽም ሲባሉ ሴቶቹ የሚሰጡት መልስም ተመሳሳይ ነው። «ምንም አያመኝም»፣ «አሠራሩን አላውቅም»፣ «እረሳዋለሁ»፣ «ባገኝስ ብዬ እፈራለሁ»።

ሰምተሻል ወይ፣ አሳዪኝ፣ አድርገሻል ወይ የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው። እኔ ግን አራተኛ እጨምራለሁ፤ ብታገኚስ፣ በስንተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ? የዛሬውን ዝግጅት ያዘጋጀሁት በተለይ ለዚህ ጥያቄ ነው። ብዙ እህቶቻችንን ያጣነው እብጠቱን ሳያገኙት ቀርተው አይደለም። አግኝተውት፣ ነክተውት፣ ለወራት አብረውት ኖረው ነው።

ቁጥሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ 670,000 ገደማ ደግሞ ሞተዋል። በ2020 በወጣው ግምት ኬንያ ውስጥ በዓመት 6,800 ያህል ሴቶች ይታመማሉ፤ ከ3,100 በላይ ይሞታሉ። በኢትዮጵያ ከ16,000 በላይ ይታመማሉ፤ ወደ 9,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ሀብታም በሆኑት አገሮች በሽታው ከታወቀ በኋላ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት ከመቶ ዘጠና በላይ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አርባ ያህል ናቸው። በሽታው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የተደረሰበት ጊዜና የተገኘው ሕክምና ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር አለ። «ይሄ የአሮጊቶች በሽታ ነው፣ እኔ ገና ነኝ» የምትል ወጣት ትኖር ይሆናል። ከ2005 እስከ 2010 ድረስ አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ከአንድ ሺህ በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግማሾቹ ከ43 ዓመት በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ታማሚዎቻችንም ወጣቶች ናቸው። ልጅ የሚያጠቡ ናቸው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ ወደ ሀገር ቤት ገንዘብ የሚልኩ ናቸው።

አሁን አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። ታሪኩ የፈጠራ ነው። ሁለት ሴቶች ሰንቶን ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ።

ልጅቷ፦ እትዬ፣ አንዴ ብቅ ይበሉ እስቲ።

እትዬ፦ ምነው ልጄ? ፊትሽ ልክ አይደለም።

ልጅቷ፦ ስታጠብ ጡቴ ላይ፣ እዚህ ወደ ብብቴ በኩል፣ ጠጠር ያለ ነገር አገኘሁ።

እትዬ፦ ያምሻል?

ልጅቷ፦ ኧረ ምንም አያመኝም። ስጫነው እንኳ።

እትዬ፦ እንግዲያ ተመስገን በይ! ክፉ ነገር ቢሆን ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር? ምች ይሆናል። ከሀገር ቤት የመጣ ዳማከሴ አለኝ፣ አሽልሻለሁ።

ልጅቷ፦ ሆስፒታል ባሳየውስ?

እትዬ፦ አሁን? የካናዳው ኬዝሽ እንዲህ ደርሶ? ካርድሽ ላይ በሽተኛ ብለው ቢጽፉብሽስ? ኢንተርቪውሽ ይለፍና ረጋ ብለሽ ታሳዪዋለሽ።

ልጅቷ፦ እውነትዎን ነው እትዬ።

እትዬ ልጅቷን ይወዷታል። የሚናገሩት ሁሉ ከፍቅር ነው። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ግን ልጅቷን ዕድሜዋን ሊያሳጧት የሚችሉ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሕመም ነው። ሕመም የማንቂያ ደወል ነው ብለን ስላደግን የማያመንን ነገር አንፈራም። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጠጠር ይላል፣ ዳርቻው ወጣ ገባ ይሆናል፣ ሲነኩት ቦታውን አይለቅም፣ ግን አያምም። በተቃራኒው ከወር አበባ በፊት ሁለቱንም ጡት ወጥሮ የሚያም ስሜት፣ ወይም ጡት በወተት ሲያጋት የሚሰማ ሕመም፣ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ስለዚህ «ያምሻል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አይ» ሲሆን ተመስገን የሚባልበት ጊዜ አይደለም፤ ነጠላ አንስቶ የሚኬድበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ አዲስ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሦስቱ አንዷ ያህል የመጀመሪያውን ምልክት ካየች በኋላ ሐኪም ጋ ለመድረስ ከሦስት ወር በላይ ቆይታለች። ሦስት ወር! በዚያ ላይ ሐኪም ጋ ከደረሱ በኋላ ውጤት እስኪነገር የሚባክነው ጊዜ ይታከልበታል።

ሁለተኛው የምርመራውን መልስ ራሳችን መስጠታችን ነው። ምች ይሆናል፣ ብጉንጅ ይሆናል፣ የወተት ጓጓላ ይሆናል። ሊሆን ይችላል! ጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ፤ በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛ፣ በጣት ሲነኩት የሚንሸራተት ምንም ጉዳት የሌለው እጢ አለ፤ በምታጠባ ሴት ላይ የሚመጣ ቁስለት አለ። ነገር ግን ይህን ከዚያ መለየት በእጅ አይቻልም። ሐኪምም ቢሆን በእጁ ብቻ አይለይም፤ ለዚህ ነው አልትራሳውንድና የናሙና ምርመራ የሚያዘው። በተለይ የምታጠቡ እናቶች ይህን ያዙልኝ። ጡታችሁ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሞቆ መድኃኒት ቢታዘዝላችሁና በሁለት ሳምንት ውስጥ ባይድን፣ «ይኸው መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ተመልሳችሁ ሂዱና ካንሰር አለመሆኑ ይጣራልኝ በሉ። ቁስለት የሚመስል፣ በፍጥነት የሚሄድ አንድ የካንሰር ዓይነት አለና።

ሦስተኛው የውጭ ጉዞ ፕሮሰስ ነው። እዚህ ናይሮቢ ብዙዎቻችን ሕይወታችንን በይደር ነው የምንኖረው። ትምህርቱም፣ ትዳሩም፣ ሕክምናውም «ፕሮሰሱ ሲያልቅ» ይባላል። ካንሰር የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ስደተኞች የሚደረግላቸው የጤና ምርመራ በዋናነት የሚያጣራው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን ነው። የካናዳ ሕግም ቢሆን በስደተኝነት የተቀበላቸውን ሰዎች ሕክምናቸው ብዙ ወጪ ያስወጣል ብሎ አይከለክልም። እንዲያውም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ሰዎችን ለሦስተኛ አገር ከሚያቀርብባቸው ምክንያቶች አንዱ የሕክምና ችግር ነው። ይህ ታማሚ ሁሉ ይሄዳል ማለት አይደለም። ጡቷ ላይ ያለውን ደብቃ የምትጠብቅ ሴት ግን ኬዟን አላዳነችም። እብጠቱ ጊዜ እንዲያገኝ ብቻ ነው የረዳችው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ልብሳችሁን ማውለቅ የምትችሉበት፣ በር የሚዘጋ ክፍል ካላችሁ በቂ ነው። ለስድስት አንድ ክፍል የምትጋሩም ብትሆኑ መታጠቢያ ቤቱ ይበቃል።

መቼ? የወር አበባ የምታዩ ከሆነ ደሙ ከጀመረበት ቀን ቆጥራችሁ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አድርጉት። ያን ጊዜ ጡት ለስላሳ ነው፤ ከወር አበባ በፊት የሚመጣው መወጠርና መጓጎል አያሳስታችሁም። ሙስሊም እህቶቼ ከወር አበባ በኋላ የምታደርጉት ትጥበት ጥሩ ማስታወሻ ይሆናችኋል፤ በዚያ ቀን ወይም በማግስቱ አድርጉት። የወር አበባ ያቆማችሁ እናቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ደግሞ በወር አንድ የማይረሳችሁን ቀን ምረጡ። ወር በገባ በ21 ማርያምን የማትረሳ እናት ጡቷን ለማየትም 21ን ትያዝ። የምታጠባ እናት ልጇ ጠብቶ ጡቷ ባዶ ሲሆን ብታየው ይሻላታል።

በዓይን እንጀምር። መስታወት ፊት ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁ። ሁለቱን ጡቶች ተመልከቱ። የብዙ ሴት ሁለት ጡት እኩል አይደለም፤ ይህ አያስደነግጥም። የምትፈልጉት አዲስ የመጣ ለውጥን ነው። አንዱ በድንገት ተልቋል? ቆዳው የሆነ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል? ቀዳዳው ጎልቶ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል? የጡቱ ጫፍ ከዚህ በፊት ወጣ ያለ ሆኖ አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል? ጫፉ ላይ የማይድን፣ የሚላላጥ ቁስል አለ? ቀጥላችሁ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉና ጫን በሉ፤ የደረታችሁ ጡንቻ ሲወጠር ተደብቆ የነበረ ስርጉድ ብቅ ሊል ይችላል። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻችሁን ወደ ላይ አንሡና እንደገና ተመልከቱ፤ ወደ ጎንም ዞር በሉ።

ቀጥሎ በእጅ ነው። ተኙ። ቀኝ ጡታችሁን ልታዩ ከሆነ ቀኝ ትከሻችሁ ሥር የታጠፈ ጋቢ ወይም ትንሽ ትራስ አድርጉ፤ ቀኝ እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ ዘርጉ። ጡቱ ደረት ላይ ተዘርግቶ ስለሚሳሳ ውስጡን መዳሰስ ይቀላል። አሁን በግራ እጃችሁ ሦስት መካከለኛ ጣቶች ዳስሱ። በጥፍር በኩል ባለው ጫፍ ሳይሆን ለስላሳ በሆነው በጣቶቹ ሆድ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ጡትን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቆንጥጠው ይይዙና የያዙት ሥጋ ሁሉ እብጠት መስሏቸው ይደነግጣሉ። መቆንጠጥ የለም፤ ጣትን አስተኝቶ እየጫኑ ትንንሽ ክብ መሥራት ነው።

በአንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ክብ ሥሩ። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ቆዳው ሥር ያለውን ለማግኘት። ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ፣ መካከሉን ለማግኘት። በሦስተኛው ከሥር ያለው የጎድን አጥንት እስኪሰማችሁ ድረስ። ከዚያ ጣታችሁን ሳታነሡ ወደሚቀጥለው ቦታ አንሸራቱት። ከብብታችሁ ሥር ጀምራችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች እስከ ጡቱ መጨረሻ ውረዱ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ከአንገት ሥር እስካለው አጥንት ድረስ ውጡ፤ እንደገና ውረዱ። የደረታችሁ መሐል አጥንት ላይ ስትደርሱ ጨርሳችኋል። ከጡቱ ሥር፣ ከደረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ጠንከር ያለ መስመር ይሰማችሁ ይሆናል፤ እሱ ተፈጥሮ ነው። በመጨረሻም ክንዳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ብብታችሁን ዳስሱ። ንፍፊት ካለ፣ በተለይ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነና ካልጠፋ፣ እሱም መታየት አለበት። በግራ በኩል ያለውንም እንዲሁ አድርጉ። ሳይጨመቅ ከጡት ጫፍ በራሱ የሚወጣ ፈሳሽ፣ በተለይ ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ የሐኪም ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ምንም ላይገባችሁ ይችላል። ሁሉም ነገር ጓጓላ ይመስላል። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ወር ስትደግሙት የራሳችሁን ጡት ትለምዱታላችሁ። የዚህ ሁሉ ጥቅሙ ይህ መልመድ ነው፤ የራሷን የምታውቅ ሴት አዲስ እንግዳ ሲመጣ ቶሎ ታውቃለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1989 ቻይና ውስጥ በሻንጋይ ከተማ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ 266,064 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ጡትን በእጅ መመርመር በደንብ ተማረ፤ ሌላኛው ወገን አልተማረም። ለአሥር ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ በ2002 ውጤቱ ሲወጣ በጡት ካንሰር የሞቱት ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት 131 ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። በተማሩት ዘንድ ግን ካንሰር ላልሆነ እብጠት የተደረገው የናሙና ምርመራ በጣም በዛ። ከዚህ የተነሣ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶች በየወሩ መመርመርን እንደ ግዴታ መምከር ትተው «የጡታችሁን ተፈጥሮ እወቁ፣ ለውጥ ስታዩ ቶሎ ተናገሩ» ወደሚል ምክር ዞረዋል።

ታዲያ ለምን አስተማርሽን ትሉኝ ይሆናል። ሻንጋይ ያሉት ሴቶች ፋብሪካቸው ውስጥ የጤና ባለሙያ ነበራቸው፤ ካልተማሩትም ብዙዎቹ እብጠታቸውን ገና ትንሽ ሳለ አግኝተው ይታከሙ ነበር። የእኛ ሴቶች ግን እብጠቱ አድጎ፣ ቆዳ ለውጦ፣ አንዳንዴም ቆስሎ ነው የሚመጡት። ከጥናቱ የምወስደው እጅ ብቻውን አያድንም የሚለውን ነው። ቀን እየቆጠረች በየወሩ ጡቷን የምትመረምር፣ ስታገኝ ግን ስምንት ወር የምትቀመጥ ሴት ምንም አልተጠቀመችም። ቀኑን አንዳንዴ የምትረሳ፣ ለውጥ ስታይ ግን በዚያው ሳምንት የምትሄድ ሴት ብዙ ተጠቅማለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 በጀመረው ዕቅድ አገሮችን የጠየቀው ይህንኑ ነው። አንዲት ሴት ሐኪም ጋ ከደረሰችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ይጠናቀቅ ይላል።

ከራሳችሁ እጅ ሌላ የነርስ እጅ አለ። ሕንድ ውስጥ ሙምባይ ከተማ ከ1998 ጀምሮ ከ151,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶችን ጡት በእጃቸው ይመረምሩ ነበር። ካንሰሩ ቀድሞ ተገኘ፤ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ በሆኑት ሴቶች ደግሞ በጡት ካንሰር የሚሞቱት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ማሽን አልነበረም፤ ማሞግራም አልነበረም። ስለዚህ ልጅ ለማስከተብ ወይም ለቤተሰብ ምጣኔ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷን «ጡቴንም እዪልኝ» በሏት። ዕድሜያችሁ 40 ከሞላ የኬንያ ጤና ሚኒስቴር ማሞግራም እንድትነሡ ይመክራል። እናታችሁ ወይም እህታችሁ በዚህ በሽታ ታማ ከነበረ ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ።

እንግዲህ አንድ ነገር አገኛችሁ እንበል። ከካሳራኒ ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ ወደ ቅርብ የካውንቲ ጤና ጣቢያ ወይም ወደምትችሉት ክሊኒክ ሂዱ፤ ከዚያ ሪፈር ይጽፉላችኋል። በቲካ መንገድ አቅጣጫ ሩቅ ሳትሄዱ የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል አለ። በ2019 በሽተኛ መቀበል የጀመረ፣ የካንሰር ሕክምናና የጨረር ሕክምና ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል አለ።

ስዋሂሊ የማይቀናችሁ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙ፤ ቀስ ብዬ እላታለሁ። «ኒና ኡቪምቤ ክዌንዬ ቲቲ»። ጡቴ ላይ እብጠት አለብኝ ማለት ነው። «ኒንጌፔንዳ ኩቹንጉዝዋ»፤ መመርመር እፈልጋለሁ። ሴት ሐኪም ከፈለጋችሁ «ዳክታሪ ዋ ኪኬ» በሉ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ባይገኝ ግን ወንድ ሐኪም ነው ብላችሁ አትመለሱ፤ ነርስ አብራችሁ እንድትቆም ጠይቁ።

ስለ ፍርሃት ሳላነሣ አላልፍም። ካሳራኒ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ስታዲየሙ ነው። በኤፕሪል 2014፣ ኡሳላማ ዎች በተባለው የፖሊስ ዘመቻ፣ ከኢስሊና ከሌሎች ሰፈሮች የተያዙ ሶማሌዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ስደተኞች ወረቀታቸው እስኪጣራ እዚያ ታጉረው ነበር። ያንን ቀን ያየች ሴት ዩኒፎርም የለበሰ ዘበኛ ከቆመበት የሆስፒታል በር ስትደርስ እግሯ ቢከብዳት አይፈረድባትም። ብቻችሁን አትሂዱ። ስዋሂሊ የሚናገር ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፣ ኬንያዊት ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። የስደተኛ ካርድ ወይም ፓስፖርት ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለመዝገብና ለክፍያ ያስፈልጋል። በኦክቶበር 2024 ኬንያ የድሮውን ኤንኤችአይኤፍ አስቀርታ «ሻ» በሚባለው አዲስ የጤና መድን ተክታለች፤ ስለ ምዝገባው ከመታመማችሁ በፊት ጠይቁ።

ምርመራው ሦስት ነገር አለው። ሐኪሙ በእጁ ያያል፤ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ለወጣት ሴት ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም በደንብ አያሳይምና። ናሙናው ላይ ስንደርስ ብዙ ሴቶች ይሸሻሉ። «ነቀርሳ ስለት ከነካው ይሰራጫል» የሚል አባባል አለ። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያሰራጨውም። አባባሉ የመጣው፣ ሴቶች ወደ ሆስፒታል የሚሄዱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ስለነበር፣ ቢላው ገና ሲነካቸው ይሞቱ ስለነበር ይመስለኛል። ያለ ናሙና ሕክምና አይጀመርም፤ ካንሰሩ በየትኛው መድኃኒት እንደሚታከም የሚነግረው እሱ ነው። በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ለአምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይታዘዛል፤ ውድ መድኃኒት አይደለም።

«ጡቴን ይቆርጡኛል» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ለብዙ ሴቶች እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ፣ ከዚያ ጨረር መስጠት ይቻላል። ጡት መቁረጥን የፈራች ሴት ቶሎ የምትሄድበት ምክንያት አላት። ባሎችም ይህን ስሙ፤ ሚስትህ ዝም ያለችው አንተን እንዳታጣ ፈርታ ሊሆን ይችላል። ቀድመህ «አብሬሽ ነኝ፣ ነገ እንሂድ» በላት።

ጠበል የምትሄዱ እናቶችም አሉ። አትሂዱ አልላችሁም። በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንጦጦ ላይ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ተጠምቋል። ለጡትም እንዲሁ ይሁን። ጠዋት ተጠመቁ፤ የናሙናው ቀጠሮ ሲደርስ ሂዱ። ሱባኤው እስኪያልቅ ብላችሁ ቀጠሮ አታሳልፉ።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። በተለይ ነገ ወዴት እንደምትሄዱ ለማታውቁ። የናሙናው ውጤት፣ ሆርሞንን የሚመለከተው ውጤት፣ የአልትራሳውንዱ ፎቶ፣ ኬሞቴራፒ ከጀመራችሁ የመድኃኒቶቹ ስምና ስንተኛው ዙር ላይ እንደደረሳችሁ የሚናገረው ወረቀት፤ ሁሉንም ኮፒ አስደርጉ። በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ናሙናው ተጠብቆ ስለሚቆይ የተመዘገበበትን ቁጥርም ጻፉት። ካልጋሪም ብትሄዱ፣ ሚኒያፖሊስም ብትሄዱ፣ ወደ ሀገር ቤትም ብትመለሱ፣ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወር ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ማሕፀን በር ካንሰርና ለልጃገረዶች ስለሚሰጠው ክትባት እንነጋገራለን።